ብጥብጥ መድኃኒት

ብጥብጥ መድኃኒት ደቃቅ ዱቄቱ በውኃ ውስጥ ሳይሟሟ ተሰራጭቶ የሚገኝ ፈሳሽ መድኃኒት ነው። በእንግሊዝኛ «ሰስፔንሽን» ይባላል። ለሕፃናት በአፍ እንዲወስዱ የሚታዘዙት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ አሞክሲሲሊን፣ ሴፋሌክሲንና አዚትሮማይሲን፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልክ ይዘጋጃሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ውኃ ሲጨመርበት ብጥብጥ ይሆናል።

አማርኛ ለዚህ መድኃኒት የጸና ስም ገና አላገኘለትም። በቤትም በመድኃኒት ቤትም ፈሳሽ የሆነው ሁሉ «ሽሮፕ» ነው። ቃል በቃል የሚሠራ ትርጉም፣ በተለይም የኮምፒውተር ትርጉም፣ «የቃል እገዳ» የሚል ሐረግ ያወጣል። ስሕተቱ እጥፍ ነው። የእንግሊዝኛው «ኦራል» ለሚነገረውም በአፍ ለሚዋጠውም ያገለግላል፤ የአማርኛው «የቃል» ግን ከንግግር አይወጣም፤ የቃል ፈተና፣ የቃል ማስጠንቀቂያ ይባላል። «ሰስፔንሽን»ም ከሥራ መታገድን፣ መንጠልጠልን፣ በፈሳሽ ውስጥ ተሰራጭቶ መቆየትን አንድ ላይ ይይዛል፤ «እገዳ» የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሐረጉን የሚያነብ ሰው የሚረዳው የዲሲፕሊን ውሳኔ ነው። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ላቀፈች እናት እንዲህ ያለ ጽሑፍ መስጠት ቋንቋውንም እሷንም መበደል ነው።

«ሽሮፕ» ቢያንስ የሚገባ ቃል ነው። ከዓረብኛው «ሸራብ» ተነሥቶ በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል የደረሰ ሲሆን ሸራብ መጠጥ ማለት ነው። ትክክለኛ ሽሮፕ ግን መድኃኒቱ ከስኳሩ ጋር ፈጽሞ የሟሟበት ፈሳሽ ነው፤ ላዩና ታቹ አንድ ነው። በብጥብጥ ውስጥ ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሳይነቀነቅ የሚቀዳ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠን ይሳሳል፣ የመጨረሻዎቹ ይወፍራል፤ ሕፃኑ መጀመሪያ ከታዘዘለት በታች፣ በኋላ ከታዘዘለት በላይ ይወስዳል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ይህን ልዩነት ይደብቃል።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። «ተንጠልጣይ» የእንግሊዝኛውን ምስል ይገለብጣል፤ በአማርኛ ግን የሚንጠለጠል ነገር ገመድ ወይም ቅርንጫፍ ይፈልጋል። «ድፍርስ» የተሻለ ነው፤ የፈሳሹን መልክ በትክክል ይናገራል። ችግሩ የደፈረሰ ነገር እንዲጠራ መጠበቁ ነው። ጀበናው እስኪሰክን ይቆያል፣ ጠላው ከአተላው ተለይቶ ይቀዳል። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ድፍርስ የተባለውን መድኃኒት አስክኖ ላዩን ቢቀዳ አይፈረድበትም፤ ታች የቀረው አተላ ግን ራሱ መድኃኒቱ ነው።

«ብጥብጥ» ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ግንዱ «በጠበጠ» ነው፤ እንደ «ነቀነቀ» እና «ለቀለቀ» ሁለቱ ፊደላት ተደጋግመው የሚመጡበት ግሥ ሲሆን፣ ይህ ቅርጽ በአማርኛ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም እንቅስቃሴን ያሳያል። በሶ ይበጠበጣል፣ ተልባ ይበጠበጣል። በሶ የጠጣ ሁሉ ቆየት ካለ ዱቄቱ እንደሚዘቅጥና ከመጎንጨት በፊት እንደገና መበጥበጥ እንዳለበት ያውቃል። ስለዚህ ስሙ ራሱ አወሳሰዱን ያስተምራል። ቃሉ ሁከትንም ስለሚያመለክት ይሻማል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። የተልባ ብጥብጥ ሲባል ግን ሁከት የሚታየው ሰው የለም፤ «መድኃኒት» የሚለው ቃል ከተከተለ ጥርጣሬው ይዘጋል። ገና ውኃ ያልነካው ደግሞ «የሚበጠበጥ ዱቄት» ቢባል ይበቃል።

ዱቄቱ ደረቅ ሆኖ የሚሸጥበት ምክንያት አለ። አሞክሲሲሊን ውኃ ውስጥ ሲቆይ እየፈረሰ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው፤ እንደ አሠራሩ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 14 ቀን ሲሆን፣ ቀኑና ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑ በጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። የተበጠበጠበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ይጠቅማል። የተረፈውን ለሌላ ሕመም ወይም ለሌላ ልጅ ማስቀመጥ አይገባም። ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ ፀረ ባክቴሪያ አይፈውሰውም።

ሲበጠበጥ መጀመሪያ ጠርሙሱ መታ መታ ተደርጎ የተጋገረው ዱቄት ይላቀቃል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉ ገብቶ በደንብ ይነቀነቃል፤ አረፋው ሲበርድ ቀሪው እስከ ምልክቱ ይሞላና ዳግመኛ ይነቀነቃል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መጠን ከመቀዳቱ በፊት ጠርሙሱ መነቅነቅ አለበት።

መጠኑ የሚሰላው በሕፃኑ ክብደት ነው። አሞክሲሲሊን በ5 ሚሊ ሊትር 125 ወይም 250 ሚሊ ግራም ሆኖ ስለሚመጣ፣ ጠርሙሱ ሲለወጥ በያው ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው መድኃኒት እጥፍ ወይም ግማሽ ሊሆን ይችላል። የቤት ማንኪያም አይታመንም፤ በልኬት የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆኑ በየቤቱ ያሉት ግን ይለያያሉ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወይም ከመድኃኒቱ ጋር የመጣው መለኪያ ይሻላል። ፈሳሹ በጉንጭ በኩል ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። ጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥ አይጨመርም፤ ሕፃኑ ወተቱን ካልጨረሰ ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደ አይታወቅም። ትኩሳቱ ቢበርድም የታዘዘው ቀን ሳይሞላ በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ሽፍታ ከወጣ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በጤና ኬላ ለሳንባ ምች የሚሰጠው የአሞክሲሲሊን ክኒንም ከዚሁ ጉዳይ ጋር ይያያዛል። «የሚሟሟ ክኒን» ይባላል፤ ነገር ግን በጥቂት ውኃ ሲነከር ይፈርሳል፣ ይሰራጫል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም። «ሟሟ» እንደ ጨውና ስኳር ከዓይን ለሚሰወር ነገር፣ ለምሳሌ ለተቅማጥ ለሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ቢቀመጥ ቃሉ ጥራቱን ይጠብቃል። ለክኒኑ የሚስማማው «የሚበጠበጥ ክኒን» ነው። ሕፃኑ ከጠጣ በኋላ በሲኒው ግርጌ የቀረው ነጭ ዝቃጭ በጥቂት ውኃ ተለቅልቆ ይሰጠዋል።