አፄ ካሌብ ያልገዙት ሐር

ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች በሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላውን መርቀው ከከፈቱ ወዲህ የከተማዋ ስም ሲነሳ ንግድ አብሮ ይነሳል። ዛሬ የማነሳው ዕቃ በዚያ ኬላ እምብዛም ስሙ አይጠራም፤ ለአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚሆን ሐር ነው።

ከሐር ጋር ያለን ጉዳይ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ መልእክተኛውን ዩልያኖስን ወደ አክሱም ላከ። ሐሩን ከሕንዶች ግዙና ለእኛ ሽጡ፣ እናንተም ትከብራላችሁ፣ እኛም ገንዘባችንን ለጠላታችን ለፋርስ ከመገበር እንድናለን አለ። አፄ ካሌብ እሺ አሉ። ሐሩ ግን አልመጣም።

ለምን? የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች ወደሚያርፉባቸው ወደቦች እየቀደሙ ጭነቱን ጠቅልለው ስለሚገዙ ሐበሾቹ አልቻሉም ይላል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው አብዛኛው ይህንኑ ይደግማል። ነገር ግን በካሌብ ዘመን የአክሱምን ወደብ አዱሊስን በዓይኑ ያየው ነጋዴ ኮስማስ፣ የቻይና ሐር ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ እንደሚደርስ፣ የፋርስም የኢትዮጵያም መርከቦች እዚያው እንደሚመላለሱ ጽፏል። መርከቡ ሐሩ ካለበት ከደረሰ መግዛቱ እንዴት ያቅታል? ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በደቡብ ዓረቢያ የነበረውን የሂምያር መንግሥት የወጉ ንጉሥ ናቸው። ለሮም ትርፍ ሲሉ ከፋርስ ነጋዴ ጋር መጋፋትን ያልፈለጉ ይመስለኛል። ዩስቲንያኖስም መላ ያገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ መነኮሳት የሐር ትል እንቁላል በድብቅ አመጡለት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘለል አድርገን ወደ ሐኪሞቹ እንምጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሐርቪ ኩሺንግ ቁስሉን በቀጭን የሐር ክር ይሰፋ ነበር። ዛሬ ሐሩ ከክርነት አልፏል። ድሩ ተቀቅሎ ሴሪሲን የተባለው ሙጫ ሲወገድለት ፋይብሮይን የተባለው ፕሮቲን ይቀራል፤ እሱን አሟሙቶ ስስ ገበር ማውጣት ይቻላል። ሐኪም ዕጢ ለማውጣት የአንጎሉን ጠንካራ ሽፋን ይቀድዳል። ቀዳዳው በወጉ ካልተዘጋ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ማጅራት ገትርም ሊከተል ይችላል። ተመራማሪዎች የሐሩን ገበር ለዚህ መጣፊያ አድርገው በእንስሳት ላይ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በአሜሪካ በሐር ገበር ላይ የተደረደሩ ስስ ኤሌክትሮዶች በድመት አንጎል ላይ ተቀመጡ፤ ሐሩ ሲሟሟ የአንጎሉን እጥፋት ተከትለው ልጥፍ አሉ።

ወደ ሞያሌ እንመለስ፤ ከተማዋ ናይሮቢን ከአዲስ አበባ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ናት። በናይሮቢ በኩል ኢሲፔ የተባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በሐር ትል ላይ ለዓመታት ሠርቷል። በእኛ በኩል የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ትሉን በጉሎና በማልበሪ ቅጠል ያረባል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ሦስቱ በአንድ ጥናት ቢገናኙ፣ የመልካሳ ድር ከሻርፕና ከነጠላ አልፎ ለሕክምና የሚበቃ መሆን አለመሆኑ በቤተ ሙከራ ይታወቃል።