በመሠረት ቁፋሮ አፅም ሲገኝ፦ ጥንታዊ መቃብሮች የሚሰጡት መረጃና የአግኚው ግዴታ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ራጉኤልን በመሳሰሉ የመርካቶ አካባቢዎች ለሕንፃ ጥልቅ መሠረት ሲቆፈር አፅም ሊወጣ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሰፈር የቅርብ ዘመን መቃብር መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁንና የአፅምን ዕድሜ በዓይን አይቶ መወሰን ስለማይቻል፣ ጉዳዩ ሳይጣራ አፅሙን ማንሳት አይገባም።

ምክንያቱን የሞታ ዋሻ ግኝት በግልጽ ያሳያል። በጋሞ ደጋ በሚገኘው በዚህ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አፅም ተገኘ። ድንጋይ ተከምሮበት፣ እጆቹ ከፊቱ ሥር ታጥፈው ነበር። ይህ አቀማመጥ ሟቹን ሰዎች በጥንቃቄ እንደቀበሩት ይመሰክራል፤ አፅሙ ተለቅሞ በከረጢት ቢመጣ ኖሮ ይህን የሚነግረን አንዳች ነገር አይኖርም ነበር። ከውስጠኛው ጆሮ አጥንት የተወሰደው ዘረመል ደግሞ ሰውየው በዛሬው ዘመን ይበልጥ የሚቀርበው ለአሪ ሕዝብ መሆኑን አሳይቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ ምድር ሙሉ ዘረመሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆነ። የነካው ሰው ዘረመል በአፅሙ ላይ ስለሚቀር እንዲህ ያለው ጥናት በባዶ እጅ መነካካትን አይወድም።

ከዚህ እጅግ የሚርቀው በአፋር የሄርቶ ግኝት ነው። 160,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የሕፃን ራስ ቅል ላይ የመቁረጫ ድንጋይ ምልክትና በተደጋጋሚ ከመያዝ የመጣ የሚመስል ልስላሴ ታይቷል። ተመራማሪዎች ይህን በሙታን ላይ ይፈጸም ከነበረ ሥርዓት ጋር ያያይዙታል። በአንጻሩ ሉሲ (ድንቅነሽ) የተቀበረች አይደለችም፤ ጥንታዊ አፅም ሁሉ መቃብር ማለት አይደለም። በሶዶ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ ሥፍራ በዕድሜ ለእኛ የቀረበ ነው፤ በሥሩ በተደረገ ቁፋሮ የወጣት ሰዎች አፅም ተገኝቷል።

በቁፋሮ አፅም ወይም ከአፅም ጋር ሸክላ፣ ጨሌ ወይም የድንጋይ መሣሪያ ያገኘ ሰው በሥፍራው ሥራውን አቁሞ፣ ግኝቱን ሳያንቀሳቅስ ማስጠበቅ ይኖርበታል። ወንጀል ሊኖርበት ስለሚችል በቅድሚያ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ግኝቱ ቅርስ ከሆነ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት አግኚው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማስታወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ባለበት ሁኔታ መጠበቅ ግዴታው ነው። ግዴታው ግን በአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ አግኚው ዝርዝር ሁኔታውን ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ በማሳወቅ ከኃላፊነቱ ነጻ ሊሆን ይችላል። ቅርሱን ያስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት ይሰጠዋል፤ ያወጣው ወጪ ካለም ይተካለታል።