ደርሶ መልስ፦ የአንድ ቀን ጉዞ በአገው ምድር ታሪክ ውስጥ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል ቀለል ያለ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ሥርወ መንግሥት ወይም ስለ መሬት ሥሪት አልናገርም። የምናገረው ጠዋት ከቤት ወጥቶ፣ ሐይቅ ወይም ፏፏቴ አይቶ፣ ማታ ወደ ቤት ስለመመለስ ነው። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ «ደርሶ መልስ» የሚል ጥሩ ስም አለው። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ከግምጃ ቤት፣ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለስበት አገር በጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ ስለምን ሳይታይ ቀረ?

አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ አንድ ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ አለኝ። «የግዮንን ምንጭ ያየ የውጭ ሰው ማን ነው?» ስል ብዙ እጅ ይነሣል፤ የጄምስ ብሩስ ስም ወዲያው ይጠራል። ቀጥዬ «በአንከሻ ጓጉሳ ያለውን የጥርባን ሐይቅ ያየ ማን ነው?» ስል እጆቹ ይቀንሳሉ፤ ከእነዚያ መካከል የዚሁ ወረዳ ልጆች አሉ። በተማሪዎቹ አልፈርድም። የምናስተምራቸው ታሪክ የሩቅ መንገደኛ ታሪክ ስለሆነ ነው። ሩቅ መንገደኛ ደግሞ የሚያየው ሊያይ የመጣበትን ብቻ ነው።

ከፔድሮ ፓኤዝ እንጀምር። ይህ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር በነበረበት ጊዜ ሰከላ ላይ፣ ዛሬ ግሽ ዓባይ በምንለው ስፍራ፣ ምንጩን አየ። ቂሮስና ካምቢሰስ፣ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሣር ሊያዩት ተመኝተው ያላዩትን ለማየት በመብቃቱ ደስ እንዳለው ጽፏል። ልብ በሉ፤ በዚያ ደስታ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሩቅ ነገሥታት ናቸው። ከምንጩ አጠገብ የሚኖረውና በየቀኑ ከዚያው ውኃ የሚቀዳው ሰው ምን ያህል ጊዜ እንዳየው ለመጠየቅ ምክንያት አልነበረውም።

ብሩስ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 መጀመሪያ፣ ደረሰ። ፓኤዝ እንደቀደመው ላለመቀበል በመጽሐፉ ብዙ ቢደክምም አልተሳካለትም። በእኔ አስተያየት ግን ከምንጩ ትረካ ይልቅ የመንገዱ ትረካ ይበልጣል። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር፤ ዳሞትንና አካባቢውን የያዘው ዋረኛ ፋሲል ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር አንዴ ይዋጋል፣ አንዴ ይታረቃል። ብሩስ ወደ ምንጩ ለመሄድ የፋሲልን ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ፋሲልም ፈቃዱን የገለጸው በደብዳቤ አይደለም፤ አንድ ፈረስ ሰጠው። ፈረሱን እንዳይቀመጥበት፣ ኮርቻና ልጓም እንዳለው ከፊቱ እያስነዳ እንዲሄድ አዘዘው። የአገሩ ሰው ፈረሱን ሲያይ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ መንገደኛውን አይነካውም።

ይህን ፈረስ እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ኮርቻ የተጫነበት ግን ማንም ያልተቀመጠበት ፈረስ የይለፍ ወረቀት ነው። የሚያስረዳንም በ1770 ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው መሄድ ለባዕድ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ነው። ባዕድ ብቻ አይመስለኝም። ሠራዊት በሚተላለፍበት ዓመት የአገሩም ሰው ከብቱን ወደ ጫካ ይሸሽጋል እንጂ ለንግሥ በዓል ወንዝ አይሻገርም። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

አሁን የሰነድን ነገር እናንሣ። በአውሮፓ የአንድ ቀን ጉዞ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ቀን አለ፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1841። ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ አምስት መቶ ያህል ሰዎችን ከሌስተር ወደ ሎቭቦሮ በባቡር ወስዶ በዚያው ቀን መለሰ፤ ክፍያው አንድ ሽልንግ ነበር። ጉዞው የተደረገው መጠጥን ለማስተው በተቋቋመ ማኅበር ስም ነው። ሰዎች ከዚያ በፊት በአንድ ቀን ሄደው አይመለሱም ነበር ማለት ግን አይደለም። ልዩነቱ ትኬት መሸጡ ነው። ትኬት ሲኖር ሒሳብ አለ፤ ሒሳብ ሲኖር መዝገብ አለ፤ መዝገብ ካለ የታሪክ ጸሐፊ ይመጣል። የእኛ ደርሶ መልስ ትኬት አልነበረውም። በማሰሪያ የተቋጠረ ቆሎና በቅል የተያዘ ጠላ ብቻ ነበረው። ስንቅ እንጂ ሰነድ አልተወም።

ስለዚህ ማስረጃውን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። ከሁሉ በፊት በበዓላት የዘመን አቆጣጠር። በደረቁ ወቅት ያሉትን የንግሥ ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ፣ የየአጥቢያውን ርቀት በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉና አስተያዩአቸው። አንድ ቤተሰብ በዓመት ውስጥ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ በግምትም ቢሆን ታገኛላችሁ። ፀበልም እንዲሁ ነው። የግሽ ዓባይ ምንጭ ለብሩስ የጂኦግራፊ እንቆቅልሽ ነበር፤ ለአካባቢው ምእመን ግን መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ውኃ ሳይነካቸው መልሰው እንደተቀበሉ የሚነገርላቸው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ፀበል ነው። ከሰከላ አጎራባች ከሆኑት የአዊ ወረዳዎች ወደዚያ የሚሄደው ሰው ለመጸለይ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን አገር አይቶ ይመለሳል። እናቶቻችን «ለሽርሽር ሄድን» አይሉም ነበር፤ «ተሳልመን መጣን» ይሉ ነበር። ነገር ግን መሳለሙን ጨርሰው ሲተርኩ ስለ ሜዳው ልምላሜ፣ ስለ ወንዙ ሙላት፣ መንገድ ላይ ስላገኟቸው ዘመዶች የሚያወሩት ከቅዳሴው ይረዝማል። ደስታውን ከአምልኮው ለይቶ የሚያስቀምጥ ተመራማሪ የራሱን ዘመን አመል በእነርሱ ላይ ይጭናል።

ሁለተኛው ማስረጃ ፈረስ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይታወቃል፤ በየዓመቱም ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓሉን ያከብራል። ሰባት ቤት የሚባሉት አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ቋቁራ፣ ዚገምና መተከል፣ በትውፊት የሰባት ወንድማማቾች ስሞች ሲሆኑ የአገር ስሞችም ናቸው፤ ስለዚህ በዓሉ በሰው የተሞላ ካርታ ነው ማለት ይቻላል። የማኅበሩ መነሻ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሠለፉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ማሰብ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ዓመት ግን ከሌላ ዓመት ጋር አያይዙት። 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጎጃም ውስጥ የነበረበት፣ አርበኞችም በዱር የነበሩበት ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ በዓድዋ ስም ፈረሰኛን በአንድ ሜዳ መሰብሰብ ተራ ጨዋታ ሊሆን አይችልም፤ ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ አይታየኝም። ፈረሰኛው ጉግሥ ተጫውቶ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገዥው የሚያየው የባላገር በዓል ነው፤ ባላገሩ ግን ስንት ፈረስና ስንት ሰው እንዳለው አይቶ ተመልሷል።

በመካከሉ ሌላ ዓይነት ተመልካች መጥቶ ነበር። ሮበርት ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን ዳንግላ ላይ አደረገ። በዳንግላ ቆንስላ የተከፈተው ለዳንግላ ተብሎ አልነበረም፤ እንግሊዝ የጣናንና የዓባይን ውኃ ጉዳይ በቅርብ ለመከታተል ስለፈለገች ነው። ቢሆንም ቺስማን ከፓኤዝና ከብሩስ በአንድ ነገር ይለያል፤ እዚሁ ኖሯል። ጣናን በደንገል ታንኳ ዞሯል፤ የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ተከትሏል፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ያሰባሰባቸው የአዕዋፍ ናሙናዎችም «አይቢስ» በተባለው የአዕዋፍ ጥናት መጽሔት ተዘርዝረው ወጥተዋል። ወፍ የሚያጠና ሰው የሩቅ መንገደኛ ሊሆን አይችልም። በተመሳሳይ ጫካ በተለያየ ወር ደጋግሞ መመላለስ አለበት። ስለዚህ ከውጭ ከመጡት መካከል ለደርሶ መልስ ልማድ የቀረበው እርሱ ይመስለኛል፤ መጽሐፉም ለዚህ ዞን ተማሪ ገና በደንብ ያልተነበበ ምንጭ ነው።

አሁን አንድ ንጽጽር ላቅርብ። ዘንገና ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አውራ መንገድ አጠገብ ይገኛል። ከ160 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ክብ የሆነ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ጥርባም ከዚሁ ዘር ነው። ወደ ቢሾፍቱ ብንሄድ ሆራንና ባቦጋያን እናገኛለን፤ እነርሱም የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ሰው የእሑድ መዝናኛ ከሆነ ከፍተኛ ጊዜ አለፈው፤ ዘንገና ግን አልሆነም። ልዩነቱ ከተፈጥሮ አይደለም። ቢሾፍቱ የምድር ባቡር አለፈበት፤ ንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ሠሩበት፤ የአየር ኃይል ሰፈረበት፤ ከሁሉ በላይ ለዋና ከተማው ቅርብ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋምና የሰሜኑ «ታሪካዊ መስመር» ሲሳል፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአውሮፕላን ተያያዙ። አውሮፕላን ደግሞ በእንጅባራ ላይ ያልፋል እንጂ አይወርድም። በመኪና የሚያልፈውም ድንች ገዝቶ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ሐይቁ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ እንዳለ ሳያውቅ።

በዚህ ላይ የሚታየው አገር ራሱ ተለውጧል። ዕድሜያችሁ ሃያ የሆናችሁ ተማሪዎች ከፋግታ ለኮማ እስከ ባንጃ ኮረብታውን የሸፈነውን ዲከረንስ የአያቶቻችሁ ጫካ አድርጋችሁ ልታስቡት ትችላላችሁ። አይደለም። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ነው፤ ገበሬው ለከሰል ሲል በስፋት ማሳው ላይ የተከለው በቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከእህል ጋር ይዘራል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል፤ ይከሰላል፤ ማሳው እንደገና ይታረሳል። አሲዳማ ለሆነው መሬት ጠቅሟል፣ ገበሬውንም ብር አስቆጥሯል፤ ስለዚህ እንደ ክፉ ነገር አልናገርበትም። ነገር ግን ከዘንገና ዳር የቀረው የአገር በቀል ዛፍ፣ የእንጅባራ ቀርከሃና ይህ የከሰል ደን ሦስት የተለያዩ የታሪክ ዘመናት እንደሆኑ ለይቶ የሚያይ ዓይን የሚገኘው ከመማሪያ ክፍል ውስጥ አይደለም።

ወደ ፋሲል ፈረስ ልመለስ። ደርሶ መልስ መንገድን ወይም መኪናን ብቻ የሚጠይቅ ጉዞ አይደለም። በእግርም ይሆናል። የማይቀረው ነገር አንድ ነው፤ ማታ ቤት እንደሚገባ ጠዋት ላይ እርግጠኛ መሆን። በዚህ መለኪያ የአንድ ቀን ጉዞ ታሪክ የሰላም ታሪክ ነው፤ በጽሑፍ ያልተመዘገበን የሰላም ዘመን ለመለየትም የንግሥና የገበያ ጉዞ ከነገሥታት ዜና መዋዕል የተሻለ ምስክር ሊሆን ይችላል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በክልላችን እናት ልጇን አጎራባች ወረዳ ወዳለ በዓል ስትልክ ምን እንደምታስብ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ የሚለው ዜና ለታሪክ ተማሪ መረጃ ነው። ቀኑን ጻፉት።

ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የሰጠሁት የመስክ ሥራም ከዚሁ የተነሣ ነው። ግምጃ ቤት የሚለው ቃል ንብረት ተቆጥሮ የሚቀመጥበትን ቤት ያመለክታል፤ የእኛም ሥራ ቆጠራ ነው። መንገዱ በፈቀደ ጊዜ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ ተነሥታችሁ በአንድ ቀን የምትመለሱበት አንድ ስፍራ ትመርጣላችሁ። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሦስት ሰዎች ፈልጋችሁ በልጅነታቸው ወደዚያ በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር፣ ምን ይዘው፣ በየትኛው መንገድ ይሄዱ እንደነበር ትጠይቃላችሁ። በአውኝ የሚነግሯችሁን በአውኝ ጻፉ፤ የኮረብታውንና የወንዙን ስም ወደ አማርኛ አትቀይሩ። በየትኞቹ ዓመታት መሄድ እንዳቆሙና ለምን እንዳቆሙም ጠይቁ። ወደ ጥርባ የምትሄዱ ቡድኖች ስማችሁን ከእኔ ዘንድ አስመዝግቡ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።