የመቶ ሃያ ቀን ሒሳብ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ በኋላ በአድማጮች ጥያቄ ለመጽሔታችን አንባቢያን የተዘጋጀ)

  

የዛሬው ወጋችን የተነሳው ከመርካቶ ነው። ዱባይ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው፤ ነጋዴዎቻችን ከዱባይ የሚያመጡት ዕቃ በዝቶ ለተራው ስም ሆኖ ቀርቷል። እዚያ ሱቅ ያለው አንድ ወንድማችን ከዙህር ሶላት በኋላ የአልትራሳውንድ ወረቀት በፖስታ ይዞ መጣ። ባለቤቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። ሐኪሟ ፅንሱን ሲመለከቱ የራስ ቅሉ የላይኛው ክፍልና አብዛኛው አንጎሉ እንዳልተፈጠረ ነገሯቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ወይ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይ ከተወለደ በሰዓታት፣ ቢበዛ በቀናት ውስጥ ይሞታል። መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም የለውም። ወረቀቱ ላይ የእርግዝናው ዕድሜ 17 ሳምንት ከ6 ቀን ተብሎ ተጽፏል።

ወንድማችን ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ምክር ተቀብሏል። የባለቤቱ አጎት ወረቀቱን አይተው አሰሉና፣ «17 በ7፣ 119። ስድስት ሲጨመር 125። መቶ ሃያው አልፏል፤ ከእንግዲህ ይህን ነገር ማንሳትም ነውር ነው» አሉት። የሱቅ ጎረቤቱ ደግሞ፣ «መንግሥት የፈቀደውን ምን ያስጨንቅሃል? ዛሬውኑ ጨርሱት» አለው። ባለቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰችም። እሱ የጠየቀን «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» ብሎ ብቻ ነበር። እኛ ግን መልሱን ከታሪኩ ነጥለን ለመስጠት አልደፈርንም፤ ሁለቱም መካሪዎች የነገሩት የታሪኩን ግማሽ ነበርና።

ቁርኣን በሱረቱል ሐጅና በሱረቱል ሙእሚኑን የሰውን አፈጣጠር ከአፈር አንስቶ ደረጃ በደረጃ ይነግረናል። ቀኑን የምናገኘው ግን ከሐዲስ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ሦስት የአርባ አርባ ቀን ደረጃዎችን ጠቅሶ ከዚያ በኋላ መልአክ ተልኮ ሩሕ እንደሚነፋ ያስረዳል። ሦስት ጊዜ አርባ፣ መቶ ሃያ። ሑዘይፋ ኢብኑ አሲድ ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ መልአኩ ከአርባ ሁለት ሌሊት በኋላ መጥቶ ፅንሱን እንደሚቀርጽ ይናገራል። ዑለሞች ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። አብዛኞቹ የሩሕን መነፋት ከመቶ ሃያኛው ቀን ጋር አያይዘውታል፤ አርባውን ቀን የጥንቃቄ ወሰን ያደረጉም አሉ።

ሩሕ ከተነፋ በኋላ ማስወረድ ሐራም በመሆኑ አራቱ መዝሀቦች አንድ ናቸው። ልዩነቱ ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ነው። ማሊኪዎች ጠበቅ ያሉ ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ የተለመደው አቋም ጠብታው ማሕፀን ውስጥ ከረጋ አይነካም የሚል ነው። ከሐንበሊዎች እስከ አርባ ቀን የፈቀዱ አሉ። በአገራችን የታወቀው የሻፊዒ መዝሀብ ራሱ በውስጡ ሁለት ድምፅ አለው። በ505 ዓ.ሂ. የሞቱት ኢማም ገዛሊ ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደል ይሉታል፤ ፅንሱ ባደገ ቁጥር በደሉም እንደሚያድግ፣ ሩሕ ሲነፋ ደግሞ የባሰ እንደሚሆን አስረድተዋል። ሌሎች የመዝሀቡ ዑለሞች ግን ሩሕ እስኪነፋ ድረስ ቦታ ሰጥተዋል።

ከወሎ ሐሪማዎች የወጡ ሸኾቻችን ሚንሃጅን ሲያስቀሩ «ጉርራህ» የሚባል ምዕራፍ ላይ ይደርሳሉ። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሁለት የሁዘይል ጎሳ ሴቶች ተጣልተው አንዷ በድንጋይ ስትመታት የሌላዋ ፅንስ ሞተ፤ ረሱልም ለፅንሱ ካሣ ፈረዱ። መጠኑም የሙሉ ሰው የደም ካሣ አንድ ሃያኛ፣ ማለትም አምስት ግመል እንደሆነ ፉቀሃዎች አስልተውታል። ፅንስ ገና ሳይወለድ በሕግ ፊት ባለመብት የሆነው ያን ጊዜ ነው። «ገና ደም ነው፣ ምን አለበት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ምዕራፍ አስታውሱት።

ሐነፊዎች ጋ ስንመጣ በ1252 ዓ.ሂ. የሞቱትን የደማስቆውን ኢብኑ ዓቢዲንን እናገኛለን። እሳቸው ከቀደምት የመዝሀባቸው ሊቃውንት ተቀብለው የጻፉት አንድ ምሳሌ አለ። ሕፃን ልጅ የምታጠባ እናት አረገዘች፤ ጡቷም ደረቀ። አባትየው አጥቢ ሴት የሚቀጥርበት ገንዘብ የለውም፤ ሕፃኑ እንዳይሞትም ይፈራል። ፅንሱ ገና መልክ ያልያዘና መቶ ሃያ ቀን ያልሞላው ከሆነ ይህ እንደ ዑዝር ይቆጠራል ይላሉ። ለእኛ ይህ ምሳሌ ትልቅ ትምህርት አለው። ዑለሞቹ ዑዝሩን የፈለጉት መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ሳይሆን የድሃ ቤት ውስጥ ገብተው ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ ኪታቦች በአንዱም የዱባይ ተራው ወንድማችን ጥያቄ በቀጥታ አይገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሕፀን ዝግ ቤት ነበር፤ የልጁ ጉድለት የሚታወቀው ሲወለድ ነው። ዝግ የነበረውን ቤት በመስኮት ማየት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው ማለት ይቻላል፤ በዚያ ዓመት የስኮትላንዱ የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቻቸው በድምፅ ሞገድ ሆድን ማየት እንደሚቻል በላንሴት የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። መሣሪያው መጀመሪያ የመርከብ ብረት ስንጥቅ ለመፈለግ ያገለግል ከነበረ ቴክኖሎጂ የተወሰደ መሆኑን ስንሰማ ተገርመናል። ዛሬ መርካቶ ዙሪያ ባሉ ክሊኒኮችም የተለመደ ዕቃ ሆኗል።

ጥያቄው ለዑለሞች በይፋ የቀረበው በመካ ነው። በራቢጣ (የሙስሊሙ ዓለም ሊግ) ሥር ያለው የፊቅህ ምክር ቤት በረጀብ 1410 ዓ.ሂ.፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1982 ዓ.ም.፣ አሥራ ሁለተኛ ጉባኤውን ሲያደርግ በተፈጥሮ የተጎዳን ፅንስ ጉዳይ ተነጋገረበት። በአብላጫ ድምፅ የወሰነውም ባጭሩ እንዲህ ነው። መቶ ሃያ ቀን ካለፈ፣ ፅንሱ ጉድለት አለበት ቢባልም ማስወረድ አይፈቀድም፤ የሚፈቀደው የታመኑ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ቡድን የእርግዝናው መቀጠል ለእናትየው ሕይወት እርግጠኛ አደጋ መሆኑን ካረጋገጠ ብቻ ነው፣ ያን ጊዜ ፅንሱ ጉድለት ኖረውም አልኖረውም። መቶ ሃያ ቀን ካልሞላ ደግሞ፣ የታመኑ ስፔሻሊስቶች ቡድን በመሣሪያ ምርመራ የፅንሱ ጉዳት ከባድና የማይታከም መሆኑን፣ ቢወለድም ኑሮው ለራሱና ለቤተሰቡ ሥቃይ እንደሚሆን ካረጋገጠ፣ በወላጆች ጥያቄ ማስወረድ ይፈቀዳል። ምክር ቤቱ ሐኪሞችም ወላጆችም አላህን እንዲፈሩና በሚገባ እንዲያጣሩ አደራ ብሏል።

ከዚህ ውሳኔ ሦስት ቃላት ላይ ቆም ማለት እንፈልጋለን፤ «ቡድን»፣ «ከባድ» እና «የማይታከም»። አልትራሳውንድ በሚያየው ሰው ዓይንና በመሣሪያው ጥራት ይወሰናል፤ ሊሳሳትም ይችላል። የመርካቶ ነጋዴ አንድ ካርቶን ስልክ እንኳ ሲረከብ ከፍቶ ያያል። የልጅ ጉዳይ በአንድ ወረቀት እንዴት ያልቃል? «ከባድ» ማለትም የተሰነጠቀ ከንፈር ወይም የዞረ እግር አይደለም፤ እነዚህ በአገራችን የሚታከሙ ናቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ውኃ ለሚጠራቀምባቸውና አከርካሪያቸው ክፍት ሆኖ ለሚወለዱ ሕፃናት እንኳ በጥቁር አንበሳና በዘውዲቱ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና ይሠራል፤ የጉዳቱ መጠን ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ ሐኪሙን በዝርዝር መጠየቅ ያስፈልጋል። የወንድማችን ልጅ ግን ከእነዚህ ወገን አልነበረም።

የመካው ሐሳብ በኋላ በአንዳንድ አገሮች ሕግ ውስጥ ገብቷል። ተራው ስሙን የወሰደባት ከተማ አገር፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የሕክምና ተጠያቂነት ሕግ የፅንሱ ጉድለት ሲረጋገጥ፣ ወላጆች በጽሑፍ ሲጠይቁና ዕድሜው ከመቶ ሃያ ቀን ሳያልፍ ፈቅዳለች። ኢራንም እ.ኤ.አ. በ2005 የአራት ወር ወሰን ያለው ሕግ አውጥታ ነበር፤ በ2021 አጥብቃዋለች።

የእኛ አገር መንገድ ሌላ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውርጃን የሚፈቅደው እናትየዋን ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። በድብቅ ውርጃ የሚሞቱ እናቶች ብዛት ሕግ አውጪውን አስገድዶ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ምክንያቶቹን አሰፋ። ከእነዚህ አንዱ ፅንሱ ሊድን የማይችልና ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው ነው። በ1998 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ አገልግሎቱን እስከ 28 ሳምንት ዘርግቶታል። እንግዲህ የሱቅ ጎረቤቱ «መንግሥት ፈቅዷል» ማለቱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን መቶ ሃያኛው ቀን በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። ሕጉ የሚለው ሐኪሙም እናትየዋም አይከሰሱም ነው፤ አላህ ዘንድ ያለውን ሒሳብ አይመልስም። ሕጉ ማንንም አስወርዱ ብሎ እንደማያስገድድም መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ አጎትየው ሒሳብ እንመለስ። ሐኪሞች እርግዝናን የሚቆጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ያን ቀን ግን ፅንስ የሚባል ነገር የለም፤ እርግዝናው የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ሐዲሱ የሚናገረው ስለ ፅንሱ ዕድሜ ነው። በጉዳዩ ላይ ብዙ የጻፉት የጅዳው ሐኪም ዶክተር ሙሐመድ ዐሊ አልባር ይህን ልዩነት አስረድተዋል፤ መቶ ሃያው ቀን በሐኪሞች አቆጣጠር 134 ቀን፣ ማለትም 19 ሳምንት ከ1 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 125 የሆነው የፅንሱ ዕድሜ 111 ቀን ነው። አጎትየው ዘግተውት የነበረው በር ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የወር አበባዋ የሚዘበራረቅ ሴት ስትሆን ደግሞ ከሁሉ የሚታመነው በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሳው አልትራሳውንድ ነው።

አጎትየውን አንወቅስም፤ የተናገሩት አላህን ፈርተው ነው። ግን በእኛ እምነት በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይፈጸማል። አንዱ በስድስተኛ ወር «ሕጉ ይፈቅዳል» ብሎ መሮጥ ነው። ሌላው ዑለሞች በር ክፍት አድርገው ሳለ በሴቲቱ ላይ በስሕተት መዝጋትና በደለኛ እንደሆነች እንዲሰማት ማድረግ ነው። ሁለተኛው በየቤታችን የበዛ ይመስለናል፤ ስለማይነገርም አይታወቅም።

የዘገየ ምርመራም አለ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት እናቶች ከመቶ ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። የራስ ቅል አለመፈጠርን የመሰለ ጉዳት ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሊታይ የሚችል ነው። ዝርዝሩ ምርመራ ግን በተለምዶ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ላይ ስለሚደረግ የመቶ ሃያው ቀን በመካከሉ ያልፋል። በ18ኛው ሳምንት የታየ ጊዜ አለው፤ በ20ኛው የታየ የለውም።

ለወንድማችን ሁለት ነገር አልነው። መጀመሪያ ሌላ ስፔሻሊስት ይዩት፤ ሁለት ሐኪሞች ከተስማሙ ወረቀቱን ይዛችሁ መዝሀባችሁን ወደሚያውቁ ዓሊም ሂዱ። በስልክ ሳይሆን ሁለታችሁም ቀርባችሁ። ሁለተኛ፣ የተፈቀደ ነገር ግዴታ አይደለም። ልጇን እስከ መጨረሻው ልትሸከም የመረጠች እናትን «ለምን ትደክሚያለሽ» ማለት ለማንም አይገባም። ልጁ ለደቂቃም ቢሆን በሕይወት ከተወለደ ሰው ነው፤ ስም ይወጣለታል፣ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል። ከአራት ወር በኋላ ሞቶ ለሚወለደውም ሐንበሊዎች እንደዚሁ ይላሉ፤ ሌሎቹ በሶላቱ ላይ ይለያያሉ።

ከዘጠኙ ቀን ሦስቱን ሁለተኛ ሐኪም ለማግኘት ጨረሱ። እኚህም የመጀመሪያው ሐኪም ያሉትን አረጋገጡ። ሸኹ ዘንድም ሁለቱ አብረው ሄዱ፤ የባለቤቱ እናትም አብረዋቸው ነበሩ። ምን እንደወሰኑ አንናገርም፤ የእነሱና የጌታቸው ጉዳይ ነው።

ወንድማችን ከወራት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ነበር። የጠየቀን ስለሚቀጥለው እርግዝና ነው። ይህ ዓይነት ጉዳት የሚፈጠረው ፅንሱ በተጀመረ በ28 ቀን ገደማ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ማለት ነው። በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች በአገራችን ቁጥሩ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። አንዱ ምክንያት ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የነበራቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 ከመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ማንኛዋም ልታረግዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም እንድትወስድ ይመከራል። ቀድሞ የገጠማት ግን አሥር እጥፉን፣ 4 ሚሊ ግራም፣ በሐኪም ትእዛዝ ትወስዳለች። ወንድማችን ሁለቱን ቁጥሮች በሱቁ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፎ ለዐስር ሶላት ወደ አንዋር መስጊድ ሄደ።