የሼፍ ሥልጠና በፈረንሳይ

የሼፍ ሥልጠና በፈረንሳይ የክፍል ትምህርትን ከሬስቶራንት ወጥ ቤት ሥራ ጋር አጣምሮ በመንግሥት ምስክር ወረቀት የሚረጋገጥ የሙያ ትምህርት ነው። ቀድሞ ሙያው የሚቀሰመው በልጅነት ከባለሙያ ሥር ገብቶ በማገልገል ነበር፤ ኦጉስት ኤስኮፊዬ (1846–1935 እ.ኤ.አ.) በ13 ዓመቱ ኒስ ከተማ በአጎቱ ሬስቶራንት የጀመረው በዚሁ ልማድ ነው።

ኤስኮፊዬ ያደራጀው «ብርጌድ» የተባለ የሥራ ክፍፍል እስከ ዛሬ የሙያውን እርከን ይወስናል። ጀማሪው «ኮሚ» አትክልት ይከትፋል፣ መረቅ ያዘጋጃል። ቀጥሎ የሶስ፣ የዓሣ ወይም የጥብስ ክፍልን በኃላፊነት የሚይዝ «ሼፍ ደ ፓርቲ»፣ ከዚያም የዋናው ሼፍ ምክትል «ሱ ሼፍ» ይሆናል። ዲፕሎማ ይህን ጉዞ ያሳጥር እንደሆነ እንጂ አይተካውም።

የመጀመሪያው ምስክር ወረቀት «ካፕ» አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ይፈጃል፤ በተለማማጅነት የሚማር ሰው ጊዜውን ለትምህርት ቤትና ደመወዝ ለሚከፍለው አሠሪ ያካፍላል። የ3 ዓመት የሙያ ባካሎሬያም አለ። በ1895 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተው ለ ኮርዶን ብሉ የግል ተቋም ሲሆን ከመላው ዓለም ተማሪ ይቀበላል።

ከፍተኛው ክብር ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር የሚሰጠው «የፈረንሳይ ምርጥ ባለሙያ» ማዕረግ ነው፤ ያገኙት ሼፎች ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ኮሌታ ያለው ልብስ ይለብሳሉ።