ሁለተኛው ቸርኬና የወለጋ መንገድ

ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ። እነዚህን ቃላት ነቀምት ላይ ብትሏቸው ምን ማለታችሁ ነው ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም። ሁሉም ከጣልያን የመጡ ናቸው። ስለ ብስክሌት ሁለተኛ ጥንድ ቸርኬ ለመጻፍ ስንነሳ ወሬውን ከጣልያን ብንጀምር እንግዲህ አይግረማችሁ።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ነው። ብስክሌታችሁ አንድ ናት፤ አስፋልቱንም ጠጠሩንም የምትነዱት በእሷው ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ገንዘብ አንድ ተጨማሪ ጥንድ ጎማ ከነቸርኬው ይገዛል፣ ከዚያ አያልፍም። ለአስፋልቱ ቀጭንና ቀላሉን ትገዛላችሁ? ወይስ ለጠጠሩ ሰፊና ጠንካራውን? የፈረንጅ ሻጭ ብትጠይቁት ቀላሉን የካርቦን ቸርኬ ሊያሸክማችሁ ይችላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ምክንያታችን ደግሞ ከሒሳብ ይልቅ ወደ ታሪክ ያደላል።

በድሮው የፈረንሳይ ዙር (ቱር ደ ፍራንስ) ተወዳዳሪው ማርሽ መቀየር ሲፈልግ ከብስክሌቱ ይወርድ ነበር። የኋላው ጎማ በግራም በቀኝም ጥርስ ስላለው ፈትቶ፣ ገልብጦ፣ መልሶ ያስረዋል፤ ከዚያ ዳገቱን ይያያዘዋል። ዛሬ የምናውቀው የማርሽ መቀየሪያ በዚያ ውድድር የተፈቀደው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ የሚባለው ጣልያናዊ ደግሞ በ1927 በበረዶ ላይ ሲወዳደር ጣቱ ደንዝዞ የጎማውን ብሎን መፍታት አቃተው ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ሰውየው ጎማን በአንድ እጀታ የሚፈታውን መሣሪያ ለዓለም አስለመደ። ልብ በሉ፦ ይህ ሁሉ ብልሃት የተፈለገው ሜዳው የት እንደሚያልቅና ዳገቱ የት እንደሚጀምር ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ከተራራው ግርጌ ትቆማለህ፣ ትገለብጣለህ፣ ትሄዳለህ።

ወለጋ እንዲህ አይደለም።

ጣልያን ራሱ ወለጋን በመንኮራኩር ለመግባት አልቸኮለም፤ በሰማይ ነው የመጣው። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት አውሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ አረፉ። የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ጭምር፣ በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፣ ጄኔራል ማሊዮኮንና አብረውት ከነበሩት አብዛኞቹን ገደሉ። ጣልያኖች «ለቀምት» ወደሚሏት ከተማ መንገድ ማበጀት የጀመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። (የጦር መንገድ ነበር፤ ለሽርሽር የሠራው የለም።)

ስፖርቱ አስፋልቱን ተከተለ። ኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞች ነበሩ። ሜልቦርን ላይ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የጎዳና ውድድር እነ ገረመው ደንቦባ የነበሩበት ቡድናችን ዘጠነኛ ወጣ። በግል ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? ኤርኮሌ ባልዲኒ፣ ጣልያናዊ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያዊ በፈረንሳይ ዙር ሲሰለፍ ለማየት እስከ 2008 ዓ.ም. ጠበቅን፤ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ገብረማርያም ነበር።

የሚያስቀው ሌላው ነው። ቃላቱንም አስፋልቱንም ያመጣብን አገር ዛሬ በጠጠር መንገዱ ይኮራል። ቶስካና ውስጥ አስፋልት ባልነካቸው ነጭ መንገዶች ላይ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ታላላቅ ተወዳዳሪዎች አቧራ ይቅማሉ። ስትራዴ ቢያንኬ ይሉታል። እኛ ቀይ አቧራውን በነፃ እናገኘዋለን።

ወደ ነቀምት እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች። ወደ ጊምቢም ሆነ ወደ በደሌ ብትነዱ ዴዴሳ ሸለቆ ድረስ ትወርዳላችሁ፤ መውጫውን ታውቁታላችሁ። ከዋናው መንገድ ወደ ጉቶ ጊዳ ገበሬ መንደሮች ስትታጠፉ ደግሞ ቀይ አፈርና ጠጠር ነው። አስፋልቱም ቢሆን ተቆፍሮ ይጠብቃችኋል። በአንድ ጉዞ ሁለቱም መንገድ አለ፤ ቸርኬ የሚቀየረው ግን ቤት ውስጥ ነው። ከቤት ይዛችሁት የወጣችሁት ቸርኬ ማታ ይዟችሁ መመለስ አለበት። ስለዚህ ገንዘባችሁን በጠንካራው ላይ አውጡ፤ ብስክሌቷ ይዛው የመጣችው ጎማ ለአስፋልቱ ቀን ይበቃል።

ጠንካራ ስንል? የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ 32 ሽቦ፣ ሽቦው ቀጥ ያለ ሳይሆን አንገቱ የታጠፈው የተለመደው ዓይነት። የተበጠሰ ሽቦ ይተካል፣ የጎበጠ ቸርኬ ይቃናል፤ የተሰነጠቀ ካርቦን ግን ወለጋ ላይ ማን ይጠግንላችኋል? የጎማው ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ብስክሌታችሁ 45 ብትችል እንኳ አትሙሏት፤ የክረምቱ ጭቃ በጎማውና በሹካው መካከል ሲጠቀጠቅ ጎማው መዞር ያቆማል፣ ብስክሌቷን ተሸክማችሁ ነው የምትገቡት። ለአስፋልቱ 28 ወይም 32 መልካም ነው። የኋላው ጥርስ ብዛትና የፍሬኑ ዲስክ መጠን በሁለቱም ጥንድ አንድ ዓይነት መሆኑን ሳታዩ እንዳትከፍሉ።

ያለፉት ዓመታት ግጭት በወለጋ መንገዶች ላይ ያደረሰውን የምትረሱት አይመስለንም። ቸርኬው ከመታሰቡ በፊት የዚያን ቀን መንገድ ደኅንነት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ስለ ንፋስ አንድ ነገር ቀርቶናል። የጎሚስታው ቱቦ የሚገጥመው በመኪና ቫልቭ ነው፤ ቀጭኑን የፕሬስታ ቫልቭ አይዝም። ማገናኛዋ ከጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፣ ዋጋዋም ትንሽ ነው። ሁለት ግዙ፣ አንዷ መጥፋቷ አይቀርም።