የእንሰት አጠውልግ በሽታና ተቋቋሚ ዝርያ ፍለጋ

በሞርሲቶና በአካባቢዋ ለብዙ ቤተሰብ ጎተራው ከጓሮ የቆመው እንሰት ነው። አጠውልግ በሽታ ሲገባበት የሚጠፋው የአንድ ዓመት አዝመራ ሳይሆን የብዙ ዓመት ድካም ነው።

የበሽታውን ባክቴሪያ ለሳይንስ ያስተዋወቁት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1968 ነበር። በ1974 ደግሞ በከፋ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ገለጹ። በ2001 በዩጋንዳ የሙዝ ማሳዎች ላይ መታየቱ ተረጋገጠ።

በሽታውን የሚያድን የርጭት መድኃኒት ባለመኖሩ ዓይን ሁሉ ተቋቋሚ ዝርያ ላይ አረፈ። በድንች መንገዱ ይታወቃል፤ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔና ጉደኔ ምችን እንዲቋቋሙ ተብለው የተመረጡ ናቸው። እርግጥ ምች የባክቴሪያ በሽታ አይደለም። እንሰት ግን የሚራባው ከአሚቾው በሚወጣ ቡቃያ ነው፤ ዘር ሳያፈራም ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይሆናል። ስለዚህ አበባን ከአበባ ማዳቀል እንደ ድንቹ አልተለመደም።

በአረካ ምርምር ማዕከል የተያዘው መንገድ ሌላ ነው። ከየአካባቢው ጓሮ የተሰበሰቡት ዝርያዎች ባክቴሪያው እየተሰጣቸው ተፈተኑ። ብዙዎቹ ጠወለጉ። በወላይታ ገበሬዎች ዘንድ የሚታወቀው ማዚያ ግን ከሌሎቹ በተሻለ ተቋቋመ። ዝርያውን ለይተው፣ ስም አውጥተው ያቆዩት ተመራማሪዎች ሳይሆኑ ገበሬዎች ናቸው፤ በእንሰት ሥራ ደግሞ ትልቁ ድርሻ የእናቶች መሆኑ የታወቀ ነው።

ማዚያም ቢሆን ፈጽሞ አይታመምም ማለት አይደለም። የታመመ ተክል የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ በሽታው ይተላለፋል። ተቋቋሚ ዝርያ በተተከለበት ጓሮም ቢላዋን በእሳት ማጋልና የታመመውን ነቅሎ መቅበር ያልቀረው ለዚህ ነው።